ታናሽ ወንድሜ ቀድሞኝ አረጀ

ታናሽ ወንድም ያላችሁ ሰዎች እስቲ ጠጋ በሉ፤ ነገሩ በተለይ እናንተን ይመለከታል። የሌላችሁም ብትሰሙት አይጎዳችሁም። እኔ ከእናቴ ሆድ መጀመሪያ የወጣሁት ልጅ ነኝ። ይህን ነገር ዕድሜዬን ሙሉ ማንም ተከራክሮኝ አያውቅም ነበር። ኋላ ግን መንግሥት ተከራከረኝ፤ ረታኝም።

ዘመኑ የጃንሆይ መንግሥት ወደ ማምሻው ያዘነበለበት ነው። እኔ ዲላ ወህኒ ቤት አስር አለቃ ነበርኩ። ታናሽ ወንድሜ በራሶም እዚያው ዘበኛ ነበር። በአንድ ቀን ተቀጥረን፣ አንድ ዓይነት ካኪ ለብሰን፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ስንሸብት ኖረናል። የምንለያየው በቁመት ነው። በራሶ ባሕር ዛፍ ነው። እኔ ግን ሰልፍ ላይ ስቆም አዛዡ ክፍት ቦታ ያለ እየመሰላቸው «እዚያ ጋ ማነው የቀረው?» ይሉ ነበር።

በራሶ ሥራውን ይወዳል። ወህኒ ቤት ምኑ እንደሚወደድ ዛሬም አልገባኝም፤ እሱ ግን የጠዋት ፊሽካ ሲነፋ ፊቱ ይበራል፤ እስረኛ ሲቆጥር ሠርግ ላይ ዘፈን የሚያወጣ ነው የሚመስለው። እኔ በበኩሌ ከጥበቃ ማማው መሰላል ጋር ከተቀያየምን ቆይተናል። አንድ እርከን በወጣሁ ቁጥር ጉልበቴ ይንቋቋል፤ እስረኞቹ ከታች ድምፁን ሰምተው «አስር አለቃ ወጣ» ይባባላሉ። ሊያመልጥ ያሰበ ሰው ቢኖር እኮ የእኔን ጉልበት ሰምቶ ሰዓቱን ያስተካክል ነበር! ስለዚህ ሌሊትም ቀንም የምመኘው ጡረታን ነው። ወናጎ ላይ ከአባታችን የደረሰችኝ ትንሽ የቡና ማሳ አለች። ባለቤቴ ዓለሚቱም ዲላ ከገባችበት ቀን ጀምሮ «ወናጎ እንመለስ» ማለቷን አቋርጣ አታውቅም።

ታዲያ አንድ ቀን አዛዣችን ሻምበል ክፍሌ ሰልፍ ላይ ደንቡን አነበቡልን። የወህኒ ዘበኛ ሃምሳ አምስት ዓመት ሲሞላው በጡረታ ይሰናበታል። ልጨምር ቢል አይጨመርለትም፤ ልቅደም ቢል አይፈቀድለትም። እኔ ስሌት አልችልም፤ ጉልበቴ ግን ይችላል። በጉልበቴ ስሌት ሃምሳ አምስትን ካለፍኩ ሰነባብቻለሁ።

ለዓለሚቱ ነገርኳት። ዓለሚቱ ለጎረቤት ነገረች፤ ጎረቤት ለገበያው ነገረ። በሳምንቱ ዲላ ውስጥ «እንኳን ደስ ያለህ» ያላለኝ ቢኖር የሥጋ ቤቱ ውሻ ብቻ ነው። እኔም ልምምድ ጀመርኩ፤ ጡረታ ዘው ብለው የሚገቡበት ነገር አይደለምና። ከዘራ ገዛሁ። ከሥራ ስወጣ ደጃፌ ላይ በርጩማ አውጥቼ ፀሐይ እየሞቅሁ አላፊ አግዳሚውን «የዘንድሮ ዝናብ እንደ ድሮው አይደለም» እለዋለሁ። ጉሮሮን እንደ ሽማግሌ መጠራረግም አለ፤ እሱን በሁለት ቀን ቻልኩበት።

አንድ ጠዋት ከበራሶ ጋር ዘብ ቤት ተቀምጠን ሳለ የሻምበሉ ተላላኪ ብቅ አለና «ሻምበል ይጠራሉ። የጡረታ ጉዳይ ነው» አለ።

እጀ ጠባቤን አስተካክዬ፣ ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ ቀስ ብዬ ተነሳሁ። የሚያረጅ ሰው አይቸኩልም።

«አንተን አይደለም» አለ ተላላኪው፤ «በራሶን ነው።»

በራሶ ደንግጦ እየሮጠ ሄደ። አሯሯጡን ብታዩት ጡረታ ከሚወጣ ሰው ይልቅ ለእግር ኳስ የሚሰለፍ ነበር የሚመስለው። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጋሼ» አለኝ፣ «አረጀህ አሉኝ።»

«ማነው ያለህ?»

«መንግሥት።»

እጁን ይዤ በቀጥታ ወደ መዝገብ ቤት ወሰድኩት። የመዝገብ ቤቱ ሹም አቶ ወልደ ሰንበት ይባላሉ። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። ማኅደራችንን ገለጥ አደረጉና በራሶ ሃምሳ አምስት ዓመቱ መሙላቱን፣ እኔ ግን ገና ሃምሳ አንድ መሆኔን ነገሩን።

«አቶ ወልደ ሰንበት፣ ይህ ሰው እኮ ታናሼ ነው!»

«ታናሽህ ሊሆን አይችልም። ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው።»

«እኔ እኮ ታላቁ ነኝ!»

«ታላቅ ልትሆን አትችልም። ሃምሳ አንድ ዓመትህ ነው።»

እንዲህ ካለ ሰው ጋር ክርክር ወዴት ይገፋል? ቆም ብዬ ሳስበው ግን የነገሩ ሥር ወለል ብሎ ታየኝ። የተቀጠርን ቀን ከሁለታችን የተወለደበትን ዓመት የሚያውቅ አልነበረም። የሚመዘግበው ጸሐፊ ቀና እያለ፣ ሰውየውን እያየ፣ ዕድሜውን በግምት ይጽፍ ነበር። በራሶ ጢሙን አንዠርግጎ ከነቁመቱ ጸሐፊው ፊት ተገተረ። እኔ ደግሞ ለመንግሥት ክብር ብዬ ሌሊቱን ስፋቅ አድሬ ጉንጬ እንደ ሕፃን መቀመጫ ለስልሶ ቀረብኩ። ያን ጊዜ ጢሜን ባልላጭ ኖሮ ይኸኔ ወናጎ ቡናዬን እየለቀምኩ ነበር።

ሻምበል ክፍሌ ደግ ሰው ናቸው፤ አዘኑልን። «በቅጥር ቀን የተመዘገበ ዕድሜ በቀላሉ አይነካም» አሉ። «ግን እንሞክር። አንተ አስር አለቃ፣ ልቅደም ማለት ባይፈቀድም፣ ጉልበቱ ለሥራ አይበቃም ብሎ ሐኪም ካረጋገጠልህ ከዕድሜህ በፊት መውጣት ትችላለህ። በራሶ ደግሞ የሚታመን ምስክር አምጣ፤ ለበላይ እጽፍልሃለሁ።»

በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ዓለሚቱ መንገድ ላይ «አነክስ እንጂ!» ትለኛለች። «ማነከስ አያስፈልገኝም፣ እውነት ያመኛል» እላታለሁ። «የሚያምህን እኔ አውቃለሁ፤ ሐኪሙ በምን ያውቃል?» ትላለች። አነከስኩ። ግን የትኛው እግሬ የበለጠ እንደሚያመኝ መወሰን ስላቃተኝ በሁለቱም በየተራ አነከስኩ።

ሐኪሙ ጦር ሠራዊት ውስጥ ያገለገለ ሰው ኖሯል። ይህን ማንም አልነገረኝም። ጉልበቴን ጎነጥ ጎነጥ አደረገና ድንገት በሚያምባርቅ ድምፅ «ቁጭ በል!» አለኝ።

ቁጭ አልኩ።

«ተነስ!»

ወገኖቼ፣ ለስንት ዘመን በትእዛዝ የኖረ ገላ አእምሮን አይጠይቅም። እንደ ፌንጣ ተነሳሁ! ተረከዜን ከተረከዜ አጋጭቼ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ እጄን ግንባሬ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ጉልበቴ፣ ያ ከሃዲ ጉልበቴ፣ ቋ እንኳ አላለም። ዓለሚቱ በሩ ላይ ቆማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ይህ ሰው ገና ለጋ ነው» አለ ሐኪሙ። ወረቀቱም ላይ ይህንኑ አሰፈረልኝ።

የእኔ በር ተዘጋ። የቀረን የበራሶ ምስክር ነው። ማን እንደ ወለደች እናት ይመሰክራል? እናታችን ቡሌ፣ እህታችን ቤት ነው የምትኖረው። የቡሌ መንገድ ለእግርም አይመችም፤ ግን ልጆችሽ ተቸግረናል ብንላት በበቅሎ ተጭና፣ ጋቢዋን ደራርባ፣ ዲላ ሙቀት ውስጥ ደረሰች። በቀጥታ መዝገብ ቤት አስገባናት።

አቶ ወልደ ሰንበት ጌዴኦኛ አይችሉም፤ እናታችን አማርኛ አትችልም። ላስተረጉም ብል «አንተ ጉዳዩ ይመለከትሃል» አሉኝ። በራሶም ይመለከተዋል። ስለዚህ ከእስረኞች ጅግሶ ተጠራ። ጅግሶ ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ተጣልቶ፣ ሰው ፈንክቶ የታሰረ ነው፤ አማርኛውን ያቃናው እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። መጥረጊያውን እንደያዘ መጥቶ በእናታችንና በሹሙ መካከል ቆመ።

«እማማ» አሉ አቶ ወልደ ሰንበት፣ «ከሁለቱ ታላቁ ማነው?»

ጅግሶ ተረጎመ። እናታችን ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አየችውና አንድ ነገር ተናገረች። ጅግሶ ከንፈሩን ነከሰ።

«ምን አሉ?»

«ጌታዬ... ‹ይህ ሰው እናት አለው ወይ?› ነው የሚሉት።»

«መልሱን ይመልሱ።»

እናታችን መለሰች። ትልቁ ልጇ፣ ማለት እኔ፣ በተወለድኩ ጊዜ ቡሌ ጓሮዋ ውስጥ እንሰት ተክላለች። ያ እንሰት አድጎ ለቆጮ ለመፋቅ ሲደርስ ሁለተኛው ልጇ በሆዷ ነበር። ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ይፈለጋል? እኔና በራሶ ተያየን፤ እንዲህ ያለ ግልጽ ነገር!

«በዓመት ሲቆጠር ስንት ይሆናል?» አሉ አቶ ወልደ ሰንበት።

ጅግሶ ጠይቆ መለሰ፦ «እንደ መሬቱ ነው ይላሉ። ቡሌ ደግሞ ብርድ ስለሆነ እንሰት ይዘገያል።»

አቶ ወልደ ሰንበት ብዕራቸውን አስቀመጡ። ትንሽ አሰቡና በጣም ጨዋ በሆነ ድምፅ «የእርስዎስ ዕድሜ ስንት ነው?» አሉ።

ጥፋቱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። እናታችን ልጇ «አረጀህ» ተብሎ ከሥራው ሊወጣ መሆኑን ሰምታለች። በዚህ ቤት ዕድሜ ማለት ሰው የሚያስባርር ነገር መሆኑ ገብቷታል። ስለዚህ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ ሻሿን አስተካከለች፤ ሹሙን ዓይን ዓይኑን እያየች አንዲት ቃል ተናገረች።

ጅግሶ መጥረጊያው ላይ ተደገፈ። «ሃምሳ ነኝ ይላሉ» አለ።

አቶ ወልደ ሰንበት መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉ። «ስለዚህ» አሉ፣ «ይህ ልጃቸው በአምስት ዓመት ይበልጣቸዋል ማለት ነው። ያኛውም በአንድ ዓመት ይበልጣቸዋል።»

ምስክርነቱ በዚህ ተጠናቀቀ። እናታችን ስትወጣ «እኔንስ አላባረሩኝም» ብላ ደስ ብሏት ነበር።

ከዚያ በኋላ በራሶ ለጥቂት ቀን አዘነ። ከዚያ ደግሞ፣ ፍረዱኝ፣ የታላቅነት ሹመቱ ጣመው! መጀመሪያ «ጋሼ» ማለቱን ተወ። ቀጥሎ እኔ ቤት ሲመጣ ሁልጊዜ የምቀመጥበት ወንበር ላይ ቁጭ ይል ጀመር። ሚስቱ እጅ ስታስታጥብ ከእኔ አስቀድማ ለእሱ ታፈሳለች። «ምነው?» ብትባል «እኔ ምን ላድርግ? መንግሥት ያለውን ነው» ትላለች። ሁለት ጎረቤቶቻችን በአጥር ሲጣሉ ሽማግሌ አድርገው የጠሩት እሱን ነው። እኔ ስመጣ «አንተ ቆየት ብለህ ትደርሳለህ» አሉኝ። ዓለሚቱ ይህን ሰምታ ለሁለት ቀን አላነጋገረችኝም፤ በምን እንዳጠፋሁ ግን እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

«በራሶ፣ አዝዬ ያሳደግሁህ እኔ ነኝ» አልኩት አንድ ቀን።

«ይህን ለበላይ ጻፍ» አለኝ።

የስንብቱ ቀን ደረሰ። ዘበኛው ሁሉ ግቢው መሐል ተሰለፈ፤ እስረኞችም ከበስተኋላ እንዲያዩ ተፈቀደላቸው። ሻምበል ክፍሌ ስለ በራሶ ታማኝነት ጥሩ ጥሩ ነገር ተናገሩና «አሁን ታናሽ ወንድሙ ጥቂት ቃል ያሰማናል» አሉ።

እኔም እንደ ሁሉም ሰው ታናሽ ወንድሙን ለማየት ዞር ዞር አልኩ። ሁሉም የሚያየው እኔን ነው።

ወጣሁ። ምን ልበል? «ታላቅ ወንድሜ አስር...» ብዬ ጀመርኩና ተሳሳትኩ፣ እሱ ተራ ዘበኛ ነው። «ጋሼ በራሶ» አልኩ። ከኋላ እስረኞቹ ሳቃቸውን አፈኑት። «ጋሼ በራሶ በልጅነታችን... አዝዬው... አዝሎኝ... ተዛዝለን ነው ያደግነው።» ከዚህ በኋላ ማንም ሊታፈን አልቻለም፤ ሻምበሉም መለዮአቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉት። እኔም ለልምምድ የገዛሁትን ከዘራ አውጥቼ፣ በሁለት እጄ፣ ለታላቄ እንደሚሰጥ አድርጌ ሰጠሁት። ያኔ ጭብጨባው ደመቀ።

ቀጥሎ በራሶ ዕቃውን አስረከበ። ጠመንጃውን ሰጠ። መታጠቂያውን ፈትቶ ሰጠ። ፊሽካውን ከአንገቱ ሲያወልቅ ግን ክሩ አልፈታ አለው። ቀርቤ እኔ ፈታሁለት። ሁሉን ካስረከበ በኋላ እጆቹን የሚያሳርፍበት ቦታ አጣ፤ አንዴ ወገቡ ላይ ያደርጋቸዋል፣ አንዴ ወደ ኋላ ያጣምራቸዋል። ስንት ዘመን በላዩ ላይ የኖረው ዕቃ ሁሉ ሲወርድለት ያ ባሕር ዛፍ የሚያህል ሰው አጭር ሆኖ ታየኝ።

ጆሮዬ ጋ ጎንበስ ብሎ «ጋሼ» አለኝ፣ «ነገ ጠዋት ምንድነው የምሠራው?»

ለዚያ ለወንበሩም፣ ለእጅ ውሃውም የያዝኩበት ቂም ሁሉ እዚያው ግቢ ውስጥ ወጣልኝ። እኔ ጡረታ ተለማምጄ የተከለከልኩ፣ እሱ ሳይለማመድ የተሰጠው ሰው ነን።

የሰማሁትን ልንገራችሁ፤ ያጫወተችኝ ሚስቱ ናት። በማግስቱ ጠዋት ገና ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ቤተሰቡን በሙሉ በር ላይ አሰልፎ ቆጠረ። በማግስቱም ደገመ። በሦስተኛው ቀን ዶሮዎቹንም ጨመረና አንዲት ጎደለች ብሎ መንደሩን ሁሉ ሲፈትሽ ዋለ፤ ለካ ዶሮዋ ገበያ ተሸጣ ነበር። ከዚያ ወናጎ ሄዶ የእኔን ቡና ይኮተኩትልኝ ጀመር። «ቡናውስ ደህና ነው?» ስለው «አንድም አላመለጠም» ይለኛል።

ሻምበል ክፍሌ ደግሞ ለጉልበቴ አዝነው ከማማው አውርደው በር ላይ መደቡኝ። በር ማለት ጠያቂ መፈተሽ ነው። እሑድ እሑድ የእስረኛ ዘመድ ምግብ ይዞ ይመጣል፤ እኔ «ማንን ልትጠይቅ ነው?» እላለሁ፣ ምግቡን እከፍታለሁ፣ አስቀምሳለሁ፣ አስገባለሁ።

በአንዱ እሑድ ራሴን ሳላነሳ ሰልፉን ስፈትሽ አንድ ረጅም ሰው ፊቴ ቆመ። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ይዟል።

«ማንን ልትጠይቅ ነው?»

«አንተን ነዋ» አለኝ በራሶ።

ልመልሰው አልቻልኩም፤ ደንቡ ጠያቂ አይመለስም ይላል። ቆጮውን ከፈትኩ። አስቀመስኩት፤ ቀመሰ፤ አልሞተም። ጠያቂና እስረኛ የሚገናኙበት አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥንና መብላት ጀመርን። ቡናው መቅላት እንደ ጀመረ፣ ዓለሚቱ ወናጎ ሄዳ ቤቱን እንዳስመረገች፣ እናታችን ቡሌ ላይ «ዲላ ሄጄ ሃምሳ ዓመት ተመዘገበልኝ» እያለች እንደምትኩራራ አጫወተኝ። ከዚያ እንደ ማንኛውም ጠያቂ ፊቱን ኮስተር አድርጎ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ።

«ለመሆኑ ስንት ቀረህ?»

«አራት ዓመት» አልኩት።

አጠገባችን ግቢውን ይጠርግ የነበረው ጅግሶ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እኔ እንኳ ለመስቀል በአመክሮ ልወጣ ነው» አለ። «አስር አለቃ፣ አንተ ማንን ገድለህ ነው?»

ሦስታችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ያን ጊዜ ፊሽካ ተነፋና «ጠያቂ ይውጣ!» ተባለ። በራሶ ቅጠሉን አጣጥፎ ተነሳና ከጠያቂዎቹ ጋር በበሩ ወጣ። እኔና ጅግሶም ወደ ግቢያችን ተመለስን።